ከመፈረማችሁ በፊት፦ ስለ ወንጀል ጠበቃ ከታክሲዬ ወንበር

ዛሬ ስለ ጋዝ ዋጋም ስለ ኤርፖርት ወረፋም አይደለም የምጽፈው። ወር ሙሉ ሆዴ ውስጥ የቆየ ነገር አለ። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ጊዜ የሌለው ሰው ግን ይህችን አንዷን ይዞ ይሂድ፦ የአሜሪካ ዜጋ ካልሆናችሁ፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ በማንኛውም የወንጀል ክስ ላይ "ጥፋተኛ ነኝ" የሚል ወረቀት ከመፈረማችሁ በፊት፣ ያ ወረቀት ግሪን ካርዳችሁን ምን እንደሚያደርገው ጠበቃችሁን ጠይቁ። መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፒዮሪያ ላይ፣ ከኮልፋክስ ወደ ደቡብ ባለው በኩል፣ አፓርታማ ተከራይቶ የሚኖር አንድ የሥራ ባልደረባ አለን። ስሙን አልጠራም። የሚያውቀው ያውቀዋል፣ የማያውቀውም በኮሜንት አይጠይቀኝ። አንድ ማታ ከባለቤቱ ጋር ተጋጩ። ድምፅ ከፍ አለ። እሷ 911 ልትደውል ስልክ አነሳች፣ እሱ ስልኩን ከእጇ ነጠቀ። ጎረቤት ደወለ። ፖሊስ መጣ።

ወዳጄ አባቱ "እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር" እያሉ ያሳደጉት ሰው ነው። ፖሊሱ "ምን ተፈጠረ?" ሲለው ሁሉንም ዘረገፈለት። "አልመታኋትም፣ እጇን ብቻ ነው የያዝኩት። ስልኩንም የወሰድኩት ነገር እንዳይከር ብዬ ነው" አለ። ራሱን የተከላከለ መስሎታል። ፖሊሱ ግን እየጻፈ ነበር። ኮሎራዶ ውስጥ ሰው 911 እንዳይደውል ስልኩን መንጠቅ ለብቻው የሚያስከስስ ወንጀል ነው። እጅ መያዙንም በራሱ አፍ አረጋገጠለት። በቤት ውስጥ ጥቃት ጉዳይ ደግሞ የኮሎራዶ ፖሊስ በቂ ምክንያት ካገኘ የማሰር ግዴታ አለበት፤ "በሉ ታረቁ" ብሎ መሄድ አይችልም። ወዳጄ እውነቱን ተናገረ፣ የመሸበትም አደረ። የመሸበት እስር ቤት ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፣ በኋላ እንዳትሰድቡኝ። እህታችን ስልክ ማንሳቷ መብቷ ነው። በዚያች ሌሊት ቤታቸው ውስጥ ምን እንደሆነ የምፈርደው እኔ አይደለሁም። "ባሏን አሳሰረች" እያላችሁ ሎት ላይ ያወራችሁ ሰዎች ደግሞ አፈርኩባችሁ። የምጽፈው ከታሰረ በኋላ እኛ ጓደኞቹ ስለሠራነው ስህተት ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ እኔ ስለሠራሁት።

በማግስቱ ጠዋት ኤርፖርት የታክሲ መጠበቂያው ላይ ተሰበሰብን። እኛ ሐበሾች ለመዋጮ ማን ይደርስብናል? ምሳ ሳይደርስ 4 ሺህ ዶላር ሞላ። ገንዘብ ያዥ እኔ ሆንኩ። አንዱ "ፈጣን ሰው አውቃለሁ፣ በአንድ ቀጠሮ ይጨርስልሃል" አለ። ደወልኩ። ጠበቃው ዋጋውን ነገረኝ፣ ላክሁለት። አለቀ። ውል የለም፣ ደረሰኝ የለም፣ "ምን ምን ትሠራለህ?" የሚል ጥያቄ የለም።

ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ። አገር ቤት ዘጠኝ ዓመት በአማካሪ መሐንዲስነት ሕንፃ ሳይት ላይ የቆየሁ ሰው። አንድ ገልባጭ አሸዋ ያለ ፊርማ የማላስገባ የነበርኩ። ሰው ሲደነግጥ ሙያውን እንደሚረሳ በራሴ አየሁት።

ጠበቃው ፍርድ ቤቱ ኮሪደር ላይ አሥር ደቂቃ አነጋገረው። "ጥሩ ዜና ይዤልሃለሁ" አለው። አቃቤ ሕጉ ያቀረበው ሐሳብ ዲፈርድ የሚሉት ነው። ዛሬ ጥፋተኛ ነኝ ትላለህ፣ ዳኛው ቅጣቱን ያቆየዋል፣ የተባለውን ትምህርት ትማራለህ፣ በተሰጠህ ጊዜ ውስጥ ሌላ ጥፋት ካልሠራህ ጥፋተኝነቱ ይነሳና ክሱ ይሰረዛል። ወዳጄ ደወለልንና "ይሰረዝልሃል ተባልኩ!" አለ። እኛም እልል አልን። ጠበቃው አንዲት ነገር አልጠየቀውም። "የት ተወለድክ? ዜጋ ነህ ወይ?" አላለውም።

ያዳነው አጋጣሚ ነው። የአማርኛ አስተርጓሚው ዘገየና ጉዳዩ ለሌላ ቀን ተቀጠረ። ከፍርድ ቤት ስመልሰው ወረቀቶቹን ሰጠኝ። ፒዮሪያ ላይ መኪናዬን አቁሜ አነበብኳቸው። መሐንዲስ ሌላ ነገር ባይችል ሰነድ ማንበብ ይችላል። መሐል ላይ "ዜጋ ካልሆንክ ይህ ቃል ከአገር ለመባረር ሊዳርግህ ይችላል" የምትል አንቀጽ አገኘሁ። ከሥሯ የመፈረሚያ መስመር አለ። ላብ አሰመጠኝ።

አሁን ሕጉን በአጭሩ ላስረዳ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው። በ1996 ክሊንተን የፈረሙት የኢሚግሬሽን ሕግ "ጥፋተኝነት" የሚለውን ቃል በራሱ መንገድ ተረጎመው። አንድ ሰው ጥፋተኛ ነኝ ካለ፣ ዳኛውም ማንኛውንም ዓይነት ቅጣት ወይም ገደብ ከጣለበት፣ ለኢሚግሬሽን ያ ጥፋተኝነት ነው። በኋላ ኮሎራዶ ብትሰርዘውም። የክልሉ ፍርድ ቤት መዝገቡን ዘግቶ "በል ሂድ፣ ንጹህ ነህ" ይልሃል፤ የፌዴራሉ መንግሥት ግን የፈረምክባትን ቀን ይዞ ይቆይሃል። ያው የ1996 ሕግ በቤት ውስጥ ጥቃት ጥፋተኛ መባልን ከመባረር ምክንያቶች አንዱ አድርጎታል። ግሪን ካርድ ያለውም አያመልጥም። "ይሰረዝልሃል" የሚለው ቃል በአማርኛ ሲሰማ ደስ ይላል። ወጥመዱም እሱ ላይ ነው።

ፒዮሪያ ላይ የምትነዱ ሁሉ ታውቁታላችሁ፣ ከመንገዱ ጥቂት ብሎክ ወደ ምዕራብ፣ ኦክላንድ ስትሪት ላይ፣ የኢሚግሬሽን ማቆያው አለ። ስንት ጊዜ ዘመዳቸውን ሊጠይቁ የሚሄዱ ሰዎች አድርሻለሁ። በወንጀል ፍርድ ቤት አቅም ለሌለውና እስራት ለሚያሰጋው ሰው መንግሥት ጠበቃ ያቆምለታል። በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ግን አይመድብለትም። ጠበቃ ያለህ እዚህኛው ላይ ነው፣ የምትድነውም እዚህኛው ላይ ነው።

የዚህ ነገር ትልቁ ምሳሌ ደግሞ እንደ እኛው ሹፌር ነው። ሆዜ ፓዲያ ይባላል። የሆንዱራስ ተወላጅ፣ ከ40 ዓመት በላይ በአሜሪካ በሕጋዊ ነዋሪነት የኖረ፣ በቬትናም ጦርነት ለአሜሪካ ያገለገለ፣ የከባድ መኪና ሹፌር። ኬንታኪ ውስጥ መኪናው ላይ ማሪዋና ተገኘና ተከሰሰ። ጠበቃው "እዚህ አገር ብዙ ስለቆየህ ስለ ኢሚግሬሽን አታስብ" አለው። ጥፋተኛ ነኝ አለ። የመባረር ጉዳይ ተከተለው። በመጋቢት 2010 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አይቶ የወንጀል ጠበቃ ዜጋ ያልሆነን ደንበኛ ስለ መባረር አደጋ የመምከር ግዴታ አለበት አለ። እኛ ያለንበት ኮሎራዶ ከዚያ በፊት፣ በ1987፣ ፖዞ በሚባል ሰው ጉዳይ ተመሳሳይ ነገር ብላ ነበር። ጠበቃው ደንበኛው የውጭ ዜጋ መሆኑን ካወቀ ሕጉን አጣርቶ መምከር አለበት ብላለች። "ካወቀ" የምትለዋን ልብ በሉ። ስለዚህ ባይጠይቃችሁም እናንተ ንገሩት። ግሪን ካርድ ይሁን፣ ጥገኝነት ይሁን፣ ማመልከቻ ላይ ይሁን፣ ምንም ይሁን ንገሩት። ለጠበቃ የነገሩት ምስጢር ነው፣ አይወጣም።

አንዳንዴ ልዩነቱ አንድ ቀን ነው። ኮሎራዶ ከመጋቢት 2022 ጀምሮ የከፍተኛውን ደረጃ ቀላል ወንጀል ቅጣት ጣሪያ 364 ቀን አደረገችው። ለምን 365 አልሆነም? በኢሚግሬሽን ሕግ ለአንዳንድ ወንጀሎች የአንድ ዓመት ፍርድ፣ ባይታሰሩበትም እንኳ፣ በጣም ከባዱ መደብ ውስጥ ይከታል። አንዲት ቀን! ሳይት ላይ ለአንድ ሳንቲሜትር ስጨቃጨቅ "አካበድከው" ይሉኝ የነበሩት ፎርማኖች ትዝ አሉኝ።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ሁለተኛ ጠበቃ ፈለግን። አሁን ግን በደንብ። መጀመሪያ የጠየቅነው "የትኛው ፍርድ ቤት ነው የምትሠሩት?" ብለን ነው። ይህ ለፒዮሪያ ሰው ትልቅ ጥያቄ ነው። መንገዱ አንድ ነው፣ ፍርድ ቤቱ ግን ሦስት ነው። ሞንትቤሎ በኩል ብትያዝ ዴንቨር ነህ፣ ዳውንታውን ትቀርባለህ። ከሆስፒታሉ በኩል ከኮልፋክስ በላይ ያለው ኦሮራ አዳምስ ካውንቲ ነው፣ ብራይተን ድረስ ትሄዳለህ። ኮልፋክስን ተሻግረህ ወደ ደቡብ ከሆነ አራፓሆ ነው፣ ሴንቴኒያል ነው። በከተማው ደንብ ከተከሰስክ ደግሞ አላሜዳ ፓርክዌይ ያለው የኦሮራ ከተማ ፍርድ ቤት አለ። በየቦታው አቃቤ ሕጉ ሌላ፣ ልማዱ ሌላ ነው። ሴንቴኒያል በየሳምንቱ የሚቆም ጠበቃ እና መንገዱን በጂፒኤስ የሚፈልግ ጠበቃ አንድ አይደሉም።

ያገኘናት ጠበቃ መጀመሪያ የጠየቀችው "ዜጋ ነህ? ግሪን ካርድህን መቼ አገኘህ? በመጀመሪያ የገባኸው በምን ቪዛ ነው?" ብላ ነው። ዋጋዋ ከፊተኛው ይበልጣል። ነገር ግን ሦስት ገጽ ውል ሰጠችን። ምን እንደምትሠራ፣ ገንዘቡ በየትኛው ደረጃ ላይ የእሷ እንደሚሆን፣ ችሎት ከተካሄደ ተጨማሪ ስንት እንደሆነ ተጽፏል። ለእኔ ይህ የክፍያ ሰርተፍኬት ማለት ነው። መሠረቱ ሲያልቅ ይህን ያህል፣ ጣሪያው ሲያልቅ ይህን ያህል። ኮሎራዶ ውስጥ "ከከፈልክ በኋላ አይመለስም" የሚል ክፍያ በጠበቆች ሥነ ምግባር ደንብ ክልክል መሆኑንም ያኔ ነው ያወቅሁት። ያልተሠራበት ገንዘብ ይመለሳል። የፊተኛውን በጽሑፍ ጠየቅነው፣ የተወሰነው ተመለሰ። ሌላም አለ። በወንጀል ጉዳይ "ካስለቀቅሁህ ይህን ያህል ትከፍለኛለህ" የሚል ውል አይፈቀድም። "በእርግጠኝነት አስለቅቅሃለሁ" የሚላችሁ ጠበቃ ካጋጠማችሁ ቦርሳችሁን ዝጉና ውጡ። ፈቃዱንና የዲሲፕሊን ታሪኩን የኮሎራዶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የጠበቆች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ በነፃ ማየት ይቻላል። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ከዚያ እኔና እሷ ተጣላን። በእርግጥ የተጣላሁት እኔ ብቻ ነኝ። ከሳምንት በኋላ ደወልኩላትና "ጉዳዩ ምን ደረሰ? ገንዘብ ያዋጡት ሰዎች እየጠየቁኝ ነው" አልኳት። "ልነግርህ አልችልም" አለችኝ። "የከፈልኩሽ እኮ እኔ ነኝ!" አልኩ። "የከፈልከው አንተ ነህ፣ ደንበኛዬ ግን እሱ ነው" አለችና በትሕትና ዘጋችብኝ። ሁለት ቀን ተናድጄ ዞርኩ። በሦስተኛው ቀን ገባኝ። ሃያ ሰው አዋጥቶ ሃያ ሰው ምስጢር ሊያውቅ አይችልም። ወዳጄ ለእኔ የነገረኝን አቃቤ ሕጉ ጠርቶ ሊጠይቀኝ ይችላል። ለእሷ የነገራትን ግን አይጠይቃትም። ቢሮዋ ሲገባም አጠገቡ እንድቀመጥ ፈልጌ ነበር፣ "ላግዘው" ብዬ። ሦስተኛ ሰው ሲቀመጥ ያ ምስጢርነት ሊበላሽ እንደሚችል ማን ነገረኝ? ቋንቋ ከቸገረ ደግሞ ጠበቃዋ የራሷን አስተርጓሚ ታመጣለች። ለችሎቱ ፍርድ ቤቱ በነፃ አስተርጓሚ ያቀርባል። የአክስት ልጅ አያስፈልግም። የፍርድ ቤቱ አስተርጓሚም የተባለውን ይተረጉማል እንጂ ምክር አይሰጥም፣ "ምን ይሻለኛል?" እያላችሁ አታስጨንቁት።

እስር ቤት ስላለው ስልክም ልናገር። ይቀዳል። "በአማርኛ ነው፣ ማን ይሰማል" አትበሉ። አማርኛ የሚያውቅ በአገሩ ሞልቷል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ፖሊስ ሲይዛችሁ ስማችሁን ንገሩ፣ መታወቂያ ስጡ፣ ከዚያ "ጠበቃዬ ሳይኖር አልናገርም" በሉ። ንቀት አይደለም። አገር ቤት "ቃልህን ስጥ" ሲባል አለመስጠት ጥፋተኝነትን ማመን ይመስላል፣ ያ ልማድ ነው እዚህ ድረስ የተከተለን። የእኛውም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 ላይ የተያዘ ሰው ያለመናገር መብት እንዳለው ይላል። አንብበነው አናውቅም እንጂ።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ፣ ወደ ሽምግልና።

በታሰረ በሦስተኛው ቀን ሦስት የተከበሩ አባቶች ተዘጋጁ። ነጠላቸውን ለብሰው፣ ወደ ባለቤቱ ዘንድ ሄደው፣ "ልጃችን ይቅር በይው፣ ክሱንም አንሺ" ሊሉ። እኔም መኪና አቅራቢ ነበርኩ። በእኛ ባህል ከዚህ የበለጠ ትክክለኛ ነገር የለም። ጠበቃዋ ጮኸችብን ማለት ይቻላል። ለምን? ዳኛው ከእስር ሲለቀው የጥበቃ ትእዛዝ ሰጥቷል። ኮሎራዶ ውስጥ ይህ ትእዛዝ በማንኛውም የወንጀል ክስ በራሱ ይሰጣል፤ በቤት ውስጥ ጥቃት ጉዳይ ደግሞ ብዙ ጊዜ "ከእሷ ጋር አትገናኝ፣ ወደ ቤት አትመለስ" የሚል ይጨመርበታል። በሰው በኩል መላክም መገናኘት ነው። ወዳጄ ሽማግሌ ላከ ማለት ትእዛዝ ጣሰ ማለት ነው። ትእዛዝ መጣስ ሌላ ወንጀል ነው፣ በኢሚግሬሽን ሕግም ራሱን የቻለ የመባረር ምክንያት ሊሆን ይችላል። "ክሱን አንሺ" ብሎ መገፋፋት ደግሞ ምስክርን ማባበል ተብሎ ሽማግሌዎቹን ራሳቸውን ሊያስከስስ ይችላል። አስቡት፣ ሰባ ዓመት የሞላቸው አባት ጠበቃ ሲፈልጉ!

ደግሞ ልታነሳው አትችልም። ክሱ የእሷ አይደለም። ወረቀቱ ላይ "የኮሎራዶ ሕዝብ" ይላል ከሳሹ። የሚያነሳው አቃቤ ሕጉ ብቻ ነው። እሷ የመሰማት መብት አላት፣ የምትፈልገውን ለአቃቤ ሕጉና ለዳኛው መናገር ትችላለች፣ ያ ግን በራሷ ፈቃድ እንጂ ነጠላ በለበሱ ሦስት ሰዎች ግፊት አይደለም። መታረቅ የሚፈልግ ሰው ጠበቃው ትእዛዙ እንዲሻሻል ለዳኛው ያመልክትለት። ዳኛው ከፈቀደ በኋላ ሽማግሌውም ይሄዳል፣ ቡናውም ይፈላል። ሽምግልናችን ውብ ነው፣ አልክድም። ጊዜውን ካላወቀ ግን አስታርቃለሁ ብሎ ቤት ያፈርሳል።

"ነፃ ጠበቃ አይረባም" የምትሉትንም አልተዋችሁም። ከ1963 የጌዲዮን ፍርድ ጀምሮ በከባድ ወንጀል ለተከሰሰ ደሃ ጠበቃ መቆም አለበት፣ በኋላም ይህ እስራት ወደሚያስከትሉ ቀላል ወንጀሎች ሰፋ። የኮሎራዶ የመንግሥት ተከላካይ ጠበቆች መሥሪያ ቤት ከ1970 ጀምሮ አለ። እነዚህ ሰዎች ከጠዋት እስከ ማታ ወንጀል ብቻ ነው የሚሠሩት፣ የራሳቸው መርማሪዎችም አሏቸው። ሥራ ይበዛባቸዋል፣ እውነት ነው። ገቢው የሚፈቅድለት ሰው ግን ከእነሱ ጋር ቢቀመጥ፣ አሥር ደቂቃ ኮሪደር ላይ ከሚያነጋግር የሚከፈለው ጠበቃ እሱ ይሻለዋል ባይ ነኝ። ማመልከቻ ሙሉና ጠይቁ። ዜግነታችሁን ግን ለእነሱም ንገሩ።

ሎት ላይ ይህን ሳወራ አንድ ጋሼ የምንለው አንጋፋ ሹፌር "ወንጀል ለሠራ ሰው ጠበቃ ምን ያደርግለታል? ይቅጣ!" አሉኝ። መልስ የሰጠሁት በአንድ እዚሁ በሆነ ታሪክ ነው። ከፈለኝ ዓለሙ ወርቁን የማያውቅ የዴንቨር ሐበሻ የለም። በቀይ ሽብር ዘመን አዲስ አበባ የከፍተኛ 15 እስር ቤት ጠባቂ ነበር። በሌላ ሰው ስም አሜሪካ ገብቶ ዜግነት አግኝቶ መካከላችን ይኖር ነበር። በ2011 የቀድሞ እስረኛ አንድ የሐበሻ ካፌ ውስጥ አየውና ለየው። በ2013 በዴንቨር የፌዴራል ፍርድ ቤት ዜግነትን በማጭበርበር፣ በሐሰተኛ ሰነድና በማንነት ስርቆት ጥፋተኛ ተባለ። በግንቦት 2014 ሕጉ የሚፈቅደው ጣሪያ፣ 22 ዓመት፣ ተፈረደበት። ለዚያ ሰውም ጠበቃ ቆሞለታል፣ ያውም በመንግሥት ወጪ። ያኔ እኔም "ለእሱ ጠበቃ?" ብዬ ተናድጄ ነበር። ዛሬ ግን እንዲህ አያለሁ። ከፍተኛ 15 የታሰሩት ሰዎች መጥተው መሰከሩ፣ ጠበቃው የሚከራከረውን ተከራከረ፣ ይግባኝ ተባለ፣ በ2015 የይግባኙ ፍርድ ቤት ፍርዱን አጸና። ያለ ጠበቃ ቢፈረድበት ኖሮ ያ ፍርድ ይጸና ነበር? ጠበቃ የሌለበት ፍርድ ምን እንደሚመስል ደግሞ ከፍተኛ 15 የገባ ሰው ይንገራችሁ። ጋሼ ዝም አሉ። ዝምታቸው መስማማት ይሁን መናደድ አላወቅሁም።

የወንጀል ጠበቃ ሥራ ለእኔ ከአማካሪ መሐንዲስ ሥራ ጋር አንድ ነው። እኛ "በላ ልበልሃ" የምንል ሕዝብ ነንና ጠበቃ ስንል ዳኛ ፊት አፉን የሚከፍት አንደበተ ርቱዕ ይታየናል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ራሱ በ2012 እንደጠቀሰው ግን፣ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ከጥፋተኝነት ውሳኔዎች 97 በመቶው፣ በክልሎች 94 በመቶው የሚመጣው ተከሳሹ ራሱ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ነው። ሙግቱ ያለው ወረቀት ላይ ነው። አርማታ ከመሞላቱ በፊት አማካሪው ወርዶ ፌሮ ይቆጥራል። 16 የተባለው ቦታ 12 ገብቶ እንደሆነ ያያል። ኮንትራክተሩ "ሚክሰሩ ቆሟል፣ ቶሎ በል" ይለዋል። አርማታ ከተሞላ በኋላ ፌሮ አይቆጠርም። ያ ኮሪደር ላይ የነበረው ጠበቃ ሚክሰሩ ቆሟል እያለ ነበር። ጥሩ ጠበቃ የፖሊስን ሪፖርት፣ የካሜራውን ቪዲዮ፣ የ911 ቅጂውን ሳያይ "ፈርም" አይልህም። ስለዚህም ቆይታው ይረዝማል፣ ቀጠሮው ይበዛል፣ እኛም "ምነው አልጨረሰችም?" እንላለን።

በነገራችን ላይ፣ ለሹፌሮች አንድ ነገር። ጠጥቶ መንዳት ላይ 0.08 ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ ኮሎራዶ ከ0.05 ጀምሮ ሌላ ክስ አላት። በትንፋሽ ምርመራ ከወደቃችሁ ወይም አልመረመርም ካላችሁ፣ መንጃ ፈቃድ ላይ የሚወሰነው በፍርድ ቤት ሳይሆን በዲኤምቪ ነው። ችሎት ለመጠየቅ ያላችሁ 7 ቀን ነው። እምቢ ካላችሁ ለአንድ ዓመት ይወሰዳል። የፍርድ ቤት ቀጠሯችሁ ገና ሳይደርስ 7ቱ ቀን ያልፋል፣ ስለዚህ ጠበቃ በዚያው ሳምንት ነው የሚፈለገው። እኛ የምንበላው በዚያች ካርድ ነው፣ በጣት አሻራችንም ተመርምረን ነው የምንነዳው። ክስ ያለበት ደግሞ ለሠርግም ይሁን ለልቅሶ ለአዲስ አበባ ቲኬት ከመቁረጡ በፊት ጠበቃውን ይጠይቅ። መውጣት ቀላል ነው፣ ችግሩ ሲመለሱ ኤርፖርቱ ላይ ነው።

የወዳጄ ጉዳይ ገና አላለቀም። ጠበቃዋ ከአቃቤ ሕጉ ጋር እየተነጋገረች ነው ይባላል፣ ምን እንደሆነ አላውቅም። እሱ አሁን ሌላ ጓደኛችን ቤት ሳሎን ውስጥ ይተኛል። ሐሙስ ጠዋት ቀጠሮ አለው። ወደ ሴንቴኒያል የምወስደው እኔ ነኝ። በፒዮሪያ ወርደን በፓርከር ሮድ እንሄዳለን፣ ሜትሩን አላበራም፣ ስለ ኳስ እናወራለን።